አባቴ ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት

«ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለብዎት ከተባሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ቀን ቀን ሲያዩዋቸው ደህና ናቸው፤ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። መከራው ሌሊት ነው። ድሮ በአንድ ትራስ ይተኙ ነበር። ከዚያ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ አልጋውን ትተው ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት። ሸለብ አደረጋቸው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አንድ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ባንነው ይነሱና ‹መስኮቱን ክፈቱልኝ› ይላሉ። ሽንት ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳቸዋል። ላዚክስ የሚባለውን የሽንት መድኃኒታቸውን ጠዋትና ከራት በኋላ ነው የሚወስዱት። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትንፋሻቸው ቀጥ ይልና ትንሽ ቆይቶ በኃይል ይመለሳል። እኔ በሬን ከፍቼ ትንፋሻቸውን ስሰማ ነው የሚነጋው። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን ‹ደህና ነኝ› ብለው ይመለሳሉ። አንድ የምናውቀው ሰው የእንቅልፍ ክኒን ግዢላቸው አለኝ። ልግዛላቸው ወይ? ትንፋሻቸው ሲቆምስ ምን ላድርግ?

ልጃቸው»

እህቴ፣

ክኒኑን አትግዢ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። የአባትሽን ሕመም ለሚከታተለው ሐኪም ደውዪና «አባቴ ከሳምንት ወዲህ ተጋድመው መተኛት አቅቷቸው ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው ይነቃሉ» በይ። በዚሁ ቃል ንገሪ። ቀጠሯቸው ገና ወር ቢቀረውም አትጠብቂ። ስልክ የሚያነሳ ካጣሽ ይዘሻቸው ሂጂ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ እንቅልፍ ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ልባቸው ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ሌሊት ሲነቃ፣ የቀሰቀሰው ነገር ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አባትሽን ደግሞ የሚቀሰቅሳቸው አንድ ነገር ብቻ አይመስለኝም። ከጻፍሽው ቢያንስ ሦስት ይታየኛል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ሽንት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ነው የሚታከሙት። ሦስቱን ጠቅልለን «እንቅልፍ ማጣት» ካልናቸው አንዱም አይታከምም።

ከትራሱ ልጀምር። የልብ ሐኪሞች «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ብለው የሚጠይቁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ሰው ቀን ቆሞና ተቀምጦ ሲውል ሰውነቱ ውስጥ ያለው ትርፍ ፈሳሽ ወደ እግሩ ይወርዳል። ማታ ሲጋደም ያ ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ተመልሶ ወደ ልብ ይሄዳል። ጤነኛ ልብ ተቀብሎ ይገፋዋል። የደከመ ልብ ግን አቅም ያንሰዋል። ያልተገፋው ደም ወደኋላ ሳንባ ላይ ይከማቻል፤ ሳንባም ይረጥባል። ተጋድሞ መተንፈስ የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው። ቀና ሲሉ ደግሞ የሚቀልላቸው ለዚሁ ነው። እንቅልፍ ከወሰዳቸው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ታፍነው መንቃታቸው፣ መስኮት ክፈቱልኝ ማለታቸው፣ ከዚሁ የሚመጣ የታወቀ ምልክት ነው።

እና ከአንድ ትራስ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ወንበር ሲደረስ ፈሳሹ እየጨመረ ነው ማለት ነው። ይህን የሚያስተካክለው የልብ ሕክምናው ነው። ምናልባት የሽንት መድኃኒቱ መጠን ይስተካከል ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ መድኃኒት ይጨመር ይሆናል። ያን የሚወስነው መርምሮ ያየ ሐኪም ነው እንጂ እኔም አንቺም አይደለንም። ደስ የሚለው፣ ፈሳሹ ሲቀንስ እንቅልፉም አብሮ የሚመለስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሚዛን ቤት ውስጥ ካለ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይመዘኑ። ከእንቅልፍ ተነስተው፣ ሽንታቸውን ሸንተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ሁሌም በተመሳሳይ ልብስ። ቁጥሩን ጻፊው። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ያ ስብ አይደለም፤ ሰው በሦስት ቀን ያን ያህል አይወፍርም። ውሃ ነው። የዚያኑ ቀን ለሐኪም ይነገራል። ቁርጭምጭሚታቸውንም በጣትሽ ጫን አድርገሽ እዪ፤ ጎድጉዶ ከቀረ እሱንም ጻፊ።

ደግሞ ቀጠሮም ስልክም የማይጠበቅበት ሁኔታ አለ። ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አረፋ ያለበት ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ ከተፉ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪሙ እስኪያያቸው ድረስ እንዴት ይተኙ? በጀርባ ተዘርግተው እንዲተኙ አታስገድጃቸው። ወንበሩ ላይ ማደሩ ግን እግራቸውን ያሳብጠዋል፤ አንገትና ወገባቸውንም ይጎዳል። የሚሻለው አልጋው ላይ ከወገባቸው ጀምሮ ደረታቸው ቀና እንዲል ማድረግ ነው። ትራስ በትራስ ላይ ስትደርቢ ብዙ ጊዜ ራስ ብቻ ይነሳና አንገት ይታጠፋል፤ ያ ደግሞ ትንፋሽን ይብስ ያጠብባል። ከፍራሹ ሥር ከራስጌ በኩል ጠንካራ ነገር ማስገባት፣ ወይም የአልጋውን የራስጌ እግሮች በማይንሸራተት ነገር ከፍ ማድረግ ይሻላል። በጎን መተኛት ከፈለጉ ደግሞ ብዙ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ቀኝ ጎን ይመቻቸዋል። በግራ ጎን ሲተኙ ልባቸው ሲመታ ይሰማቸዋል፣ ትንፋሽም ይከብዳቸዋል። አባትሽን ጠይቂያቸው፤ የትኛው እንደሚሻላቸው ሳያውቁት አይቀርም።

ወደ ሽንቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ትልቅ ነገር አለች፤ ላዚክሱን ከራት በኋላ ይወስዳሉ ብለሻል። ላዚክስ፣ ማለትም ፉሮሰማይድ፣ በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ ሥራውንም ለ6 ሰዓት ያህል ይቀጥላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የዋጡት ክኒን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሽንት ቤት ያመላልሳቸዋል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ የታዘዘላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጠዋት እንደተነሱ፣ ሁለተኛውን ከሰዓት በኋላ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲወስዱ ነው የሚመከሩት። ስለዚህ ለሐኪሙ ስትደውዪ «የማታውን ላዚክስ ወደ ከሰዓት በኋላ ማምጣት እንችላለን ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባለውንም የሚወስዱ ከሆነ እሱም ሽንት ስለሚጨምር ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

አደራ የምልሽ ግን ሰዓቱ ይቀየር ማለት ክኒኑ ይቅር ማለት አይደለም። ሌሊት ሽንት ሰለቸኝ ብለው ላዚክሳቸውን በድብቅ የሚተዉ ሕመምተኞች አሉ። ሁለት ቀን በሰላም ይተኛሉ። ከዚያ ፈሳሹ ይጠራቀምና ሆስፒታል ይገባሉ።

የሌሊቱ ሽንት ሁሉ ግን ከክኒኑ አይደለም። ቅድም ያልኩሽ ከእግር የሚመለሰው ፈሳሽ ኩላሊት ጋ ሲደርስ ሽንት ይሆናል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ደገፍ ብለው እግራቸውን በርጩማ ላይ ቢሰቅሉ፣ የሌሊቱ ሽንት ከፊሉ ቀን ላይ ይወጣል። ይህን ሲያደርጉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ግን ይቅር። መጠጡንም ወደ ቀኑ አምጡት። ሐኪሙ በቀን ይህን ያህል ይጠጡ ብሎ ከሆነ መጠኑን ሳትቀንሱ አብዛኛውን እስከ አመሻሽ ይጠጡ። ጨው ደግሞ የዚህ ሁሉ ነገር ሥር ነው። በቀን ከ5 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፤ ምግቡ ውስጥ ቀድሞ የገባው ሁሉ ተደምሮ። ጨዋማ ራት የበላ ሰው ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ ሌሊቱን ይነሳል። በጨው ምትክ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ፖታሲየም ያለባቸው ስለሆኑ ሐኪም ሳትጠይቂ አትግዢ፤ ከአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኙ አደገኛ ናቸው።

ሌሊት ሲነሱ ደግሞ ቶሎ ብድግ አይበሉ። የልብ መድኃኒቶች የደም ግፊትን ስለሚቀንሱ ድንገት መነሳት ራስ ያዞራል። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይነሱ። መንገዱ ላይ ትንሽ መብራት ይብራ፤ የሚያደናቅፍ ምንጣፍም ይነሳ።

አሁን አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ላይ ደረስን። ትንፋሻቸው ሲቆም።

ይህ ነገር በልብ ድካም በጣም የተለመደ ነው። የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መዛባት በአንድ ወይም በሌላ መልኩ አለባቸው። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጉሮሮ ሲጠብ የሚመጣ ነው። ሰውየው በኃይል ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ደረቱ አየር ለማስገባት ይታገላል፣ በመጨረሻ አየር በኃይል ስቦ ይተነፍሳል። ሌላኛው ከአንጎል ትእዛዝ የሚመጣ ነው። ጉሮሮ ክፍት ነው፤ ግን «ተንፍስ» የሚለው ትእዛዝ ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል፤ ደረትም ዝም ይላል። በልብ ድካም ይህኛው ብዙ ጊዜ የራሱ ቅርጽ አለው። ትንፋሹ እየጠለቀ፣ እየጠለቀ ይሄዳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ከትንሹ ይጀምራል። ቼይን ስቶክስ ይባላል። ስሙ የመጣው ደብሊን ውስጥ ይሠሩ ከነበሩ ሁለት ሐኪሞች ነው፤ ጆን ቼይን በ1818፣ ዊልያም ስቶክስ በ1854 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈውታል። አንቺ ሌሊት በርሽን ከፍተሽ የምትሰሚውን ነገር እነሱም በዚያ ዘመን ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለው ነው ያስተዋሉት።

አደገኛ ነው ወይ? በሁለት ከፍዬ ልመልስልሽ። ትንፋሻቸው ለጥቂት ሰከንዶች ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ አንጎል ራሱ ነው መልሶ የሚያስጀምረው። ስለዚህ በቆመ ቁጥር ሮጠሽ መቀስቀስ አይጠበቅብሽም። ቀና ብለው ከተኙ፣ መልካቸው ካልተለወጠ፣ ትንፋሹም ከተመለሰ ተያቸው ይተኙ። በረጅም ጊዜ ግን ጉዳት አለው። ትንፋሽ በቆመ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውነት እንደ ደነገጠ ሰው ይሆናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፉም ይሰባበራል። ይህ በየሌሊቱ ደጋግሞ ሲሆን የደከመውን ልብ ይብስ ያደክመዋል። ሰውየው ራሱ ግን አያውቀውም። ጠዋት «ተኝቼ ነበር» ይላል፤ ቀን ላይ ግን አቅም ያጣል። አባትሽ ቀን ቀን ጉልበት ካነሳቸው «ዕድሜ ነው» ብለሽ አትለፊው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርሽ። ቀን ላይ አስፈቅደሻቸው፣ ማታ ሲተኙ በስልክሽ አምስት ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ቅረጪ። ደረታቸው ይታይ፣ ድምፃቸውም ይሰማ። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሆነሽ ለማስረዳት ከምትደክሚ ይህ ቪዲዮ ብዙ ይናገራል። ከዚያ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ምርመራው ሌሊት ሲተኙ ትንፋሽን፣ ኦክስጅንን፣ የልብ ምትን የሚመዘግብ መሣሪያ ማሰር ነው። ቤት ውስጥ የሚደረግም አለ።

ምርመራው የግድ የሚሆነው ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ነው። የጉሮሮው ዓይነት ከሆነ ሲፓፕ የሚባል አየር በጭምብል የሚገፋ መሣሪያ ይረዳል፤ በጎን መተኛትም፣ ውፍረት ካለ መቀነሱም ያግዛል። የአንጎሉ ዓይነት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠናከረው የልብ ሕክምናው ነው። ልቡ ሲሻለው ትንፋሹም ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። እዚህ ላይ በጣም የምሰጋው ቤተሰብ ከደግነት ብዛት መሣሪያ ፈልጎ ሲገዛ ወይም ከሌላ ሰው ሲዋስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የወጣ 1,325 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ በቀነሰ፣ የትንፋሻቸው መቆራረጥም በዋናነት ከአንጎል በሆነ ሰዎች ላይ፣ ትንፋሽን ተከትሎ ግፊቱን ራሱ የሚለዋውጥ አንድ ዓይነት መሣሪያ ተሞከረ። ይጠቅማል ተብሎ ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። መሣሪያውን የተጠቀሙት ላይ በልብ ምክንያት የሚደርሰው ሞት ጨመረ። እናም የእንቅልፍ ትንፋሽ መሣሪያ ለልብ ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤት አይግባ።

ክኒኑን ለምን እንደከለከልኩሽ አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። ዲያዜፓምና የመሳሰሉት የእንቅልፍ ክኒኖች ትንፋሽን ያዳክማሉ። ትንፋሹ ለሚቆራረጥ፣ ሳንባውም ለረጠበ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ታፍነው መንቃታቸው እኮ ሰውነታቸው ራሱን የሚያድንበት መንገድ ነው። በዚያ ላይ በዕድሜ ከገፋ ሰው ሰውነት ቶሎ አይወጡም፤ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ያንገዳግዳሉ፣ ያስወድቃሉ፣ ሐሳብም ያምታታሉ። «ቀላል ነው፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል» የሚባሉት እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖችም ለሽማግሌ ቀላል አይደሉም። ሽንት ይይዛሉ፣ ያደናግራሉ።

ስለ መድኃኒት ካነሳን አይቀር ሌሎቹንም የመድኃኒት ሳጥናቸው ውስጥ እዪልኝ። ወገቤን፣ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ማታ ማታ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ? ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ተናገሪ። እነዚህ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ የልብ ድካምን ያባብሳሉ። የአባትሽ ትራስ ቁጥር የጨመረው በእነሱ ቢሆን አይገርመኝም። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው የሕመም ማስታገሻም ብዙ ሶዲየም አለው፤ ጨው እንደ መጠጣት ነው። ኢናላፕሪል ወይም የሱ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ሳል ሊያመጣና ሌሊት ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የሚተካው አለ። ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች፣ በተለይ ሜቶፕሮሎል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ቅዠት ያመጣሉ። እሱም ይነገር፤ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን ሐኪሙ ሊቀይር ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ቤታ ብሎከር ድንገት ማቆም አደጋ አለው።

እግራቸውን ማታ ማታ «ያስጨንቀኛል፣ አንቀሳቅስ አንቀሳቅስ ይለኛል» የሚሉ ከሆነ፣ የብረት እጥረት ምርመራ ይደረግላቸው በይ። በልብ ድካም የብረት እጥረት ብዙ ነው፤ ድካሙንም የእግሩንም ጭንቀት ያመጣል። የእግር ጡንቻ መሸማቀቅ ከሆነ ደግሞ ላዚክስ ፖታሲየምና ማግኒዥየም አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል በደም ምርመራ ይታያል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም እንቅልፍ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ሳምንታትን በጭንቀት ያደረ ሰው አልጋውን ሲያየው ብቻ ይነቃል። የልብ ሕመምተኛ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለበት፤ አይናገረውም። ብተኛ ላልነቃ እችላለሁ ብሎ ይፈራል። አባትሽ ወንበሩን የመረጡት በትንፋሽ ምክንያት ብቻ ላይሆን ይችላል። በመጨለሙ የሚፈራ ሽማግሌ አባት ለልጁ «ፈራሁ» አይልም። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ «አባዬ፣ ሌሊት ምን ያስጨንቅዎታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ካገኘሽ በኋላ ለማባበል አትቸኩዪ፤ ይናገሩት። የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች አምስት ውስጥ አንዱ የድብርት ሕመም አለበት። ድብርት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ መድኃኒት የመውሰድ ፍላጎትንም ይቀንሳል። የሚወዱትን ነገር ከተዉ፣ ከሰው ከራቁ፣ ምግብ ካስጠላቸው ይህም ለሐኪሙ የሚነገር ነው። ይታከማል።

ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በጥናት የተመሰከረለት የመጀመሪያ ሕክምና ክኒን ሳይሆን የእንቅልፍን ልማድና ሐሳብ የሚያስተካክል የምክር ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ይህንኑ ነው የመከረው። የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎችም ተሞክሮ ጠቅሟል። ባለሙያ ካገኛችሁ መልካም። ካላገኛችሁ ዋናው ነገር ቤት ውስጥም ይሠራል። የትኛውም ሌሊት ቢያልፍ ጠዋት የሚነሱበት ሰዓት አንድ ይሁን። ቀን ማረፍ ካስፈለጋቸው ግማሽ ሰዓት፣ ከ9 ሰዓት በፊት። ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ማንቀላፋቱ ነው የሌሊቱን የሚበላው። ጠዋት ወደ ብርሃን ይውጡ፤ ሐኪማቸው በፈቀደው ልክ ትንሽ ይራመዱ። አልጋ ላይ ሆነው ሃያ ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ተነስተው በደብዛዛ መብራት ይቀመጡ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። ቡና ከምሳ በኋላ ባይጠጡ ይሻላል፤ ከጠጡት አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም የሚያነቃው ነገር ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው። አልኮል ያስተኛል የሚባለው ትንፋሽ ለሚቆራረጥበት ሰው ከቶም አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በዚህ ሕክምና ውስጥ የመኝታን ሰዓት በጣም የማሳጠር ዘዴ አለ፤ ለልብ ሕመምተኛ ያለ ባለሙያ አይሞከርም።

የቀረው «ደህና ነኝ» የሚለው ነው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከመድኃኒቱ ሁሉ ይህን መፍታት ይቀድማል። አባትሽ አይዋሹም። ሐኪሙ የሚጠይቃቸው በቀን፣ ተቀምጠው፣ ሲሻላቸው ነው። እንደዚያ ሆነው በእርግጥም ደህና ናቸው። ስለ ሌሊቱ የጠየቃቸው ላይኖር ይችላል። ሐኪሙ ፊት ግን «ይዋሻሉ፣ ደህና አይደሉም» ብለሽ አትገጥሚያቸው፤ ክብራቸው ይነካል፣ ከዚያ ጭራሽ አይናገሩም። ከመሄዳችሁ በፊት «አባዬ፣ የቀኑን እርስዎ ይንገሩ፣ የሌሊቱን እኔ ልንገርልዎ?» በያቸው። እሺ ማለታቸው አይቀርም። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ በግማሽ ገጽ ጻፊ። በስንት ትራስ ተኙ፣ ስንት ሰዓት ነቁ፣ የቀሰቀሳቸው ትንፋሽ ነው፣ ሽንት ነው ወይስ ሐሳብ፣ ጠዋት ስንት ኪሎ ሆኑ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነሰዓቱ ጨምሪበት። ቀጠሮው ነገ ከሆነ የአንድ ሌሊቱም ይበቃል።

ስለ ራስሽ ምንም አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን አላልፈውም። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ትንፋሽ እየሰማ የሚያነጋ ሰው እስከ መቼ ይችላል? እህት ወንድም፣ ዘመድ፣ ማንም ካለ ሌሊቶቹን ተከፋፈሉ። ተራሽ ባልሆነበት ሌሊት በርሽን ዝጊ። ለአባትሽ ደግሞ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ደወል ወይም ስልክ አስቀምጪ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ሳይሳቀቁ እንዲጠሩሽ ተስማሙ። ሐኪሙ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። በተለይ የላዚክሱ ሰዓት ከተቀየረ፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ ማወቅ እፈልጋለሁ።